የለቅሶው ድስት

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። የሰፈራችን ሴቶች ጎመንና ምስር አብረው አበሰሉ፣ እህቴ አልበላም አለች፣ እኔ ፈራሁ፤ ሲጠቃለል ይኸው ነው። ሰውን በዚህ ላድክም ወይ እያልኩ ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው። ሆኖም አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ ስለሌለ፣ እንደሆነው ልጽፈው እሞክራለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ዓመት ነበር፤ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የምማረው። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነው። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እናታችን ቤት ለመውለድ እኛ ጋ መጥታ ነበር፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እሷ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፣ ምሳዋ ሻይና ዳቦ ነው፤ ማታ ደግሞ ከእራት ይልቅ እንቅልፍ ያሸንፋታል።

የካቲት ውስጥ ጤና ጣቢያ ደሟን መርምረው አነስተኛ ነው አሏት። አብሬያት ገብቼ ነበር። ነርሷ እንክብል ሰጠቻትና፣ «በዚህ ብቻ አይሆንም፣ ጎመን፣ ምስር፣ እንቁላል ካገኘሽም ብዪ። ደምሽ እንዲህ ሆኖ ስትወልጂ ብዙ ከፈሰሰሽ እንቸገራለን» አለቻት። እህቴ እሺ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ ግን «እንቸገራለን» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲናገር አፉን እያየሁ አልሰማውም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ትንፋሽ ሲያጥራት አንድ ወርቅ ቤት መስታወት ፊት ትቆምና ቀለበት የምታይ ትመስላለች። ባለሱቁ ለምዷት፣ «እመቤት፣ ዛሬስ ገባ ብለሽ ለኪው እንጂ» ይላታል። «ጣቴ አብጧል፣ ከወለድኩ በኋላ» ትለዋለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ከንፈሯን አያለሁ። ነጣ ያለ ይመስለኛል፤ ከዚያ ደግሞ የጠዋቱ ብርሃን ነው እላለሁ። ቤት ውስጥ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልብጬ ቀላ ማለቱን አለማለቱን ማየት ለምጄ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በግ ተራ የመጣሽ ነው እንዴ የሚመስልሽ? ጥርሴንም እይልኝ በቃ» አለችኝ አንድ ቀን።

ጾሙ ሲገባ በረንዳችን ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤታችን አንድ ሐሳብ አመጣች። እሷ ጉሊት ላይ ጎመንና ካሮት ትሸጣለች፤ ከአልጋ የማይነሱ እናቷን ታስታምማለች። ጎመኑን የምትረከበው ከተማው ዳር ወንዝ ይዘው ከሚያለሙ ሰዎች ነው። «ማታ ላይ የተረፈኝ ይጠወልግና ለሰው በግ እሰጠዋለሁ» አለች። «እዚሁ ግቢ እርጉዝ አለች፣ ከታች ሁለት ሕፃናት ክብደት አልጨምር ብለው እናታቸው ታለቅሳለች። በጉ ይቅርታ ያድርግልኝና ለምን አብረን አናበስለውም?»

ነገሩ ቀላል ሆኖ ተጀመረ። እሷ ጎመንና ካሮት፣ አንዱ ቤት ምስር፣ ሌላው ዘይት፣ እኛ ከሰል። ረቡዕና ቅዳሜ ይበሰላል፤ መጀመሪያ እርጉዞችና ሕፃናት፣ ቀጥሎ አቅመ ደካሞች ይበላሉ። እህቴ በመጀመሪያው ቀን ሳህኗን ጨርሳ እንጀራ ስታስጨምር ሳይ ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ነገር ግን ወሬው ተሰማና ከታችኛውም ከላይኛውም ግቢ መምጣት ጀመሩ። የየቤታችን ድስት ትንሽ ነው፤ አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ይሆናል፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ላለ አይደርሰውም። አንድ ቅዳሜ እህቴ ከሥራ ዘግይታ መጥታ ባዶ ድስት ጠበቃት።

ያን ጊዜ ነው «የዕድሩን ጎላ ለምን አንጠይቅም?» ያልኩት። ጎላ የሚባሉት የሴቶች ዕድር ትልልቅ ድስቶች ናቸው፤ ለቅሶ ሲሆን ብቻ ከዕቃ ቤት ይወጣሉ። ድንኳኑና አግዳሚው ለሰርግም ይከራያል፣ ጎላው ግን በእኛ ሰፈር ከለቅሶ በስተቀር እሳት ላይ ተጥዶ አያውቅም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ሲያዩኝ ግን የተናገርኩት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባኝ።

ጉዳዩ ለዕድሩ ሰብሳቢ ቀረበ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም።

«ይሄ ዕቃ የሚወጣው ጡሩምባ ሲነፋ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ድስቱ እኮ ዓመቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ሰው እስኪሞት ነው የሚጠብቀው። በመሃል ሥራ ብንሰጠው ምን ይለናል?» አለች ባለጉሊቷ ጎረቤታችን።

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። «ሥራ ፈቶ ቢቀር ነው የእኔ ጸሎት» አለች። «ባሌ የሞተ ጊዜ ንፍሮ የተቀቀለው በእሱ ነው። ለልጅ ልጁ ደግሞ ከዚያው ልቅዳለት?»

ሰብሳቢዋ ብዙ ካሰቡ በኋላ ጎላው በአመድ ታጥቦ፣ ጸበል ተረጭቶበት እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ለቅሶ ከተሰማ ግን በዚያችው ሰዓት ይመለሳል። ሁሉም ተስማማ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ምግቡ ለሁሉም መድረስ ጀመረ፤ ከእህቴ በስተቀር። ሳህን ይዤላት ስገባ ፊቷን ታዞራለች። ለእናቴ ስትል መስሎኝ ነበር።

«ሟርት ምናምን አይደለም» አለችኝ። «ስጎርሰው አባዬ ነው የሚታየኝ። አልወርድ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ቤት ውስጥ ለብቻዋ ልሠራላት ሞከርኩ፤ ከትምህርት ስመለስ ውሃ የለም፣ ከሰል የለም፣ ወይም እሷ ተኝታለች። ከሌላ ድስት ነው ብዬ ላቀርብላትም አሰብኩ፤ ካወቀች ግን ከእኔ እጅ ምንም እንደማትቀበል ገባኝና ተውኩት። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጎላውን ባልጠይቅ ኖሮ ቢያንስ የተገኘውን ትበላ ነበር እያልኩ ራሴን እበላለሁ። በሚቀጥለው ምርመራ ደሟ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ነርሷ ሆስፒታል እንድትወልድና ደም የሚለግስ ዘመድ ከወዲሁ እንድናዘጋጅ ነገረችን። ስንመለስ ምኒልክ አደባባይ ጋ ቆም አለችና፣ «ይሄን ለእማዬ አትንገሪያት» አለችኝ። አልነገርኩም፤ አለመንገሬም ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ጎላው ተጥዶ ምስሩ እየተንተከተከ ነበር። ባለጉሊቷ እያማሰለች፣ እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነው። ከቤቷ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። እናቷ አርፈዋል። መማሰያውን እጄ ላይ ጥላ ሮጠች።

ሰብሳቢዋ ወዲያው መጡ። ጎላው ለለቅሶው ይፈለጋል፤ ምስሩ ደግሞ ገና አልበሰለም። አንዷ ወደ ትንንሽ ድስት ይገልበጥ አለች፣ ሌላዋ ይደፋ አለች። እኔ መማሰያውን ይዤ ማንን መስማት እንዳለብኝ ጠፋኝ። ያኔ እናቴ ከቤት ወጣችና ከእጄ ወሰደችው።

«እህል አይደፋም» አለች። «ይብሰልና እንዳለ እዚያው ይሂድ። ከቀብር የሚመለስ ሰው ምን ሊበላ ነው?» ከዚያ ወዲህ እስኪወጣ ድረስ እሷ አማሰለችው።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እህቴ እርጉዝ ስለሆነች ቀብር አልሄደችም፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆየች። ሰው ተመልሶ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ምግቡ መዞር ጀመረ። ሳህኑ እህቴ ጋ ሲደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳለፈችው። ባለጉሊቷ ሐዘንተኛው ቦታ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል። አይታታለች።

«ለእሷ መልሱላት» አለች በሻከረ ድምፅ። «ከእናቴ ቤት ባዶ ሆዷን አትወጣም። ለራሷ ባትፈልግ ያረገዘችው ምን አደረገ?»

እህቴ እናቴን አየቻት። እኔም አየኋት። እናቴ ጎንበስ አለችና፣ «ብዪ ልጄ» አለቻት፤ «የሐዘንተኛ እጅ አይመለስም። አባትሽ የሞተ ጊዜ እሷም ከእኛ ቤት በልታለች።»

እህቴ ጎረሰች። እያለቀሰች ነበር፤ በለቅሶ ቤት የሚያለቅስን ሰው ማንም ምን ሆንሽ አይልም። ቀስ እያለች ቀጠለች። ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ እኔ የራሴን አልነካሁም።

ባለጉሊቷ ሐዘን ላይ በተቀመጠችባቸው ሳምንታት ረቡዕና ቅዳሜውን የያዘችው እናቴ ናት። ሳልስቱ እንዳለፈ ራሷ ሰብሳቢዋ ዘንድ ሄዳ ጎላውን አስወጣች። ከወንዝ ዳር ያሉት አትክልተኞች ጎመኑን እንዳያቆሙ ሰው ላከች። ከፋሲካ በኋላ ዶሮ የሚያረቡ ጎረቤቶች እንቁላል ጨመሩበት። እህቴ አንዳንድ ቀን ሁለት ጉርሻ ወስዳ ታቆማለች፣ አንዳንድ ቀን ደህና ትበላለች። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ግንቦት ላይ ነርሷ፣ «ተሻሽሏል፣ ግን ገና ነው» አለችን። የመጀመሪያውን ቃል ትቼ ሁለተኛውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ምጧ የመጣው ዝናብ በሚጥልበት ጠዋት ነው። ከባሏ ጋር ስልክ አልገናኝ አለን። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እናቴ ዳዊቷን ገልጣ ቁጭ አለች፤ ገጹን ሳታገላብጥ ብዙ ቆየች። ደም ለመስጠት ስሜን አስመዝግቤ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ፣ ሌላ ሰው ይጠራል፣ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ አንዲት አዋላጅ ጓንቷን እያወለቀች ወጣችና የእህቴን ስም ጠራች። ከእኔ ቀድማ እናቴ ናት የቀረበችው።

«ሴት ናት» አለቻት። «እናትየው ትንሽ ደም ፈስሷት ነበር፣ ቆሟል። ደም መስጠት አላስፈለገንም። ራበኝ እያለች ነው፣ የያዛችሁት ነገር አለ?»

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።