ሁለት ድስት ሽሮ

ክኒኑ ምላሴ ላይ ሲያርፍ የዛገ ሚስማር ጣዕም አለው። ለእርጉዝ ሁሉ የሚሰጥ የብረት ክኒን ነው፤ ነርሷ "ደምሽ እንዳያንስ" ብላ ሰጠችኝ። በውኃ ዋጥኩት፤ ጣዕሙ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሱሉልታ ባለችው ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። ጉበት ለምን እንደማልበላ ጠይቀሽኝ አልነበር? እንግዲህ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከሰበታ መጣሁና አምስት ሯጭ ልጃገረዶች ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት ምግብ አብሳይ ሆንኩ። ሰው ሲያናግረኝ የነጠላዬን ጫፍ እየነከስኩ መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ። ለማንም "እምቢ" ብዬ አላውቅም ነበር።

ማድ ቤቱ ወለል ላይ እንድተኛ ተወስኖ ነበር። ከአምስቱ አንዷ፣ ከጎጃም የመጣችው ሯጭ ግን ፍራሼን ራሷ ጎትታ ከአልጋዋ አጠገብ አነጠፈችው።

"እዚያ ጭሱ ይገልሻል" አለችኝ። "ደግሞ እኔ ብቻዬን መተኛት እፈራለሁ።"

እንደማትፈራ አውቅ ነበር።

ጠዋት ጉሙ ሜዳው ላይ እንደተኛ ይወጣሉ። ጫማቸው ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ እሰማለሁ፤ ሲመለሱ ላባቸው ከባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ግቢው ውስጥ ይገባል። ከሁሉም ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች።

ሁዳዴ ገባ። ባለፈው ዓመት እናቷ በጠና ታማ ስትድን፣ ይህን ጾም አንድም ቀን ሳትፈታ ልትጾም ተስላ ነበር። ጠዋት ሮጣ መጥታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።

"እህቴ፣ ገዳሙ እኮ በዚያ በኩል ነው" ትላት ነበር ከሯጮቹ ትልቋ። "መንገድ ተሳስተሽ ነው እኛ ጋ የገባሽው።"

"ስመነኩስ መጀመሪያ የምጸልየው ላንቺ ነው፤ ካንቺ የባሰ የለም" ትላታለች፤ እንስቃለን።

ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ዳገት ላይ ወገቧን ይዛ መቆም ጀመረች። ከንፈሯ ነጣ። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምባትና ግድግዳ ትይዛለች። ክሊኒክ ወስደዋት ደሟ ሲታይ ብረት አንሷታል ተባለ። የተሰጣትን ክኒን በባዶ ሆዷ እየዋጠች አስመለሳት፤ ተወችው። ሥጋና እንቁላል ደግሞ በጾም የማይሞከር ነው። ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ የክለብ መምረጫ ውድድር ነበር፤ የሚወሰዱት አራት ብቻ ናቸው። ያልተመረጠች ጓዟን ጠቅልላ ወደ አገሯ ትመለሳለች።

አንድ ቀን የሯጮቹ አሠልጣኝ ጥቁር ፌስታል ይዞ ማድ ቤት ገባ። ጉበት ነበር።

"ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ ትፈጪውና ከእሷ ሽሮ ጋር ትቀላቅይዋለሽ። በርበሬውን አብዢው፤ እንዳታውቅ።"

"ጾመኛ ናት እኮ" አልኩት። ድምፄን ራሴም በቅጡ አልሰማሁትም።

"እንደዚህ ሆና ከወደቀች አገሯ ገብታ እንጨት ትለቅማለች። ይሄን ነው የምትመኚላት? ኃጢአቱን ለእኔ ተይው።"

ፌስታሉን ተቀበልኩት።

ሲቀቀል እርጥብ ሳንቲም፣ እርጥብ ሳንቲም ሸተተ። ሯጮቹ ከመመለሳቸው በፊት መስኮቱን ከፍቼ በነጠላዬ ሽታውን አስወጣሁ። አድርቄ ወቀጥኩት፤ ከሽሮ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ክዳን ባለው ጣሳ አስቀመጥኩት። "ይሄ ላንቺ ብቻ ነው፤ ጨጓራሽን እንዳያምሽ ብዬ ያዘጋጀሁት" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሁለት ድስት ሽሮ እሠራ ጀመር። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ማንኪያዎቹ እንኳን እንዳይነካኩ እጠነቀቅ ነበር። የራሴን ጾም ጠብቄ የእሷን አስፈታኋት። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው።

"እጅሽ ይባረክ" ትለኛለች ሳህኑን እየጠረገች። "ምን ጨምረሽበት ነው?"

"ነጭ ሽንኩርት።"

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከንፈሯ ቀላ። ዳገቱን ሳትቆም ወጣች። "አየሽ፣ ጾሙ ራሱ ነው የሚያበረታኝ" አለችኝ።

አንድ ጠዋት ጣሳውን ስከፍት ባዶ ነው። ወደ ውጭ ስወጣ ትልቋ ሯጭ ልብስ ታጥባለች።

"ሽሮውን በከረጢት አድርጋ ለእናቷ ልትልክ ይዛ ሄደች። አውቶብስ መንገዱ ላይ ናት። 'የእኔ አብሳይ የሠራችውን እማዬ ትቅመስልኝ' ስትል ነበር።"

እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ። የጎጃም መንገድ ዳር ስደርስ አውቶብሱ ቆሟል፤ የአገሯ ልጅ ሊቀበላት በመስኮት እጁን ዘርግቷል፤ ረዳቱ "ቶሎ በይ እንጂ፣ እናትየው!" እያለ በሩን ይደበድባል።

"አትላኪው" አልኳት።

"ለምን?"

"ጉበት አለበት።"

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አውቶብሱ ሄደ፤ አቧራው ሁለታችንንም ሸፈነን።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"ሃያ ሁለት።"

ማን እንዳዘዘኝ ነገርኳት። አልተገረመችም። ከረጢቱን ትንሽ አየችው።

"አንቺስ ከሱ ትበዪ ነበር?"

"አልበላም ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ከረጢቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

አልተሳደበችም፤ ለማንም አልተናገረችም። ፍራሼም ከነበረበት አልተነሳም። የንስሐ አባቷ ጋ ደርሳ መጣች፤ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድስት ስጥድ መጥታ ማድ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ዘይቱን ሳፈስ፣ ጨው ስጨምር፣ ሳወጣ ታያለች። እኔም እንድታይ እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደርግላት ነበር።

አሠልጣኙ ሌላ ፌስታል ይዞ መጣ።

"አላደርግም" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንሽው?"

ፌስታሉን እጁ ላይ ተውኩት። በማግስቱ ያንን የፈራሁትን ነገር አደረግኩ፤ ክሊኒኩ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኩ። ክኒኑን ከምግብ በኋላ፣ በሎሚ ጭማቂ ትዋጠው፤ ሻይና ቡና ከምግቧ ታርቅ፤ ምስርና ባቄላውን አብቅለሽ ሥሪላት አለችኝ። አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። መጀመሪያውኑ ያንን ለመጠየቅ ማፈሬ ነው ሁሉን ያመጣው።

ስነግራት በሩ ላይ ሆና አዳመጠችኝ። ክኒኑን ከሎሚው ጋር ተቀበለችኝ፤ አላስመለሳትም።

በውድድሩ አራተኛ ወጣች። ጉበቱ ይሁን ክኒኑ ወይስ ስለቷ፣ እኔ አላውቅም። እሷም ታውቃለች ብዬ አላስብም። ሩቅ ከተማ ያለ ክለብ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ አብስዬላት አላውቅም።

የመጨረሻው ምሳዋ የሕማማት ረቡዕ ነበር። በማግስቱ ለፋሲካ እናቷ ጋ ልትሄድ ጓዟን አስራለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የበቀለውን ምስር እየሠራሁ ነበር። በሩ ላይ እንድትቆም ጠጋ አልኩላት። አልመጣችም። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ለማድ ቤቱ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ፊቷን ለፀሐይ አዞረች።

ሽንኩርቱን ጨመርኩ፤ ጮኸ። አልዞረችም።

"ደረሰ ወይ?" አለች እንደተቀመጠች።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

"እሺ፤ አትቸኩዪ፣ እጠብቃለሁ።"