ዐብዲገኒ በረደኝ ያለ ዕለት

ነገ እሁድ ዐብዲገኒ የከተማውን ግማሽ ማራቶን ሊሮጥ ነው። የመሮጫ ቁጥሩን ሐሙስ ተቀብሎ ባጃጁ መስታወት ላይ ስለለጠፈው ሰፈራችን ሳቢያን ውስጥ ያላየው ሰው የለም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ዐብዲገኒ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከታይዋን ገበያ እስከ ሳቢያን ባጃጅ ይነዳል፤ አሮጊት ከጫነ ዘንቢሏን ተሸክሞ እቤቷ ድረስ ካላስገባ አይመለስም። ሩጫ የጀመረው ሐኪም በስኳር ስላስፈራራው ነው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ቦርጭ ያወጣሁ ሰው ነኝና አብሬው ጀመርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጥሎኝ ይሄድ ጀመር። ሁሌም የምንሮጠው ጎህ ሲቀድ ነበር። አንዳንዴ አርፍደን ስንመለስ ሚስቱ ዐስሊ በር ላይ ቆማ፣ "በዚህ ፀሐይ የምትሮጡት ማን ሰርቋችሁ ነው?" ትለናለች።

ከከተማ የሚያስወጣውን የጀልዴሳን መንገድ መጀመሪያ የሞከርን ዕለት ውል ገባን። አንዱ "ቁም" ካለ ሌላው ያለ ክርክር ይቆማል። እሱ ወላሂ ብሎ ማለ፣ እኔ ማርያምን ብዬ ማልኩ።

አምና ግንቦት ላይ በከተማው የግማሽ ማራቶን ተመዘገብን። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ሩጫ የክብር እንግዳው ስለዘገዩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ፀሐይዋን አይተው ቁጥራቸውን ፈትተው የሄዱ ነበሩ፤ እኔ ሳቅሁባቸው። አንዲት ነርስ በድምፅ ማጉያ፣ "ላባችሁ ከደረቀ፣ በሙቀቱ መሃል ብርድ ብርድ ካላችሁ ወዲያው ቁሙ!" እያለች ትለፈልፋለች። ዐብዲገኒ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫቱን አወጣ።

"አቦ ገብሬ፣ ድካም ይገድልልኛል" አለኝ።

ውሃ ስሰጠው አልጠማኝም አለ። አልዋሸም፣ ጫቱ ጥሙንም ድካሙንም አፍኖበት ነበር። እኔም ስቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ አይጠፋኝም። ውሃውን እኔው ጠጣሁት።

አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዞር ብዬ አየሁት። እኔ በላብ ተነክሬያለሁ፣ የእሱ ግንባር ግን ደርቋል። የክንዱ ጸጉር ቆሟል። አስፋልቱ የጫማችንን ሶል እየያዘ ነበር።

"ገብሬ፣ በረደኝ" አለኝ።

ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል። የነርሷ ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ግን የቀረኝ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዕድሜዬ ደግሞ አንድም ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አላረፈም። "አይዞህ፣ ደርሰናል" አልኩትና ፈጠንኩ። ከኋላዬ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። አልዞርኩም።

መንገድ ዳር ውሃ የምትሸጥ ካፊያ የምትባል ሴት ወድቆ ስታየው በረዶዋን ሁሉ ላዩ ላይ ገልብጣ አተረፈችው። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ኩላሊቱ ለጥቂት እንደተረፈ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ግን እንደማይተርፍ ነገረው። እኔ በየቀኑ ጭማቂ ይዤ እመላለሳለሁ። ሜዳሊያው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

ዐብዲገኒ ከአሥረኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ምንም አያስታውስም። እንቅፋት ጠልፎኝ ይሆናል የወደቅሁት ይላል። ዐስሊ ስታለቅስበት፣ "ገብሬ አጠገቤ አልነበረም እንዴ? አደጋ ቢኖር ቁም ይለኝ ነበር" ይላታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዓመት ሙሉ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ትናንት ዐስሊ ቢሮዬ ድረስ መጣች። "እኔን አይሰማኝም፣ አንተ ካልከው ይተዋል" አለችኝ። ማታ ባጃጁ ውስጥ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ሞተሩን አጠፋ። "በረደኝ አልኩህ?"

"አዎ።"

"አንተስ?"

"ሜዳሊያውን ፈለግኩት፣ ዐብዲ። በማርያም፣ እሁድ አትሩጥ። ቁም እያልኩህ ነው።"

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ በተሻለኝ። የተላጠውን የቁጥሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈ።

"ወሪያ ገብሬ፣ ዓመት ሙሉ 'ገብሬ አለ' እያልኩ ነው ሚስቴን ያሳመንኳት" አለና ሞተሩን አስነሳ። "ውረድ።"

ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ እንደ ወትሮው ጥሩንባ አልነፋልኝም። ቁጥሩ መስታወቱ ላይ እንዳለ ነው። ካፊያን ፈልጌ አገኘኋትና ለነገ በረዶ ይዛ እንድትመጣ ለመንኳት፤ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አብሬያት እቆማለሁ። እዚያ ሲደርስ "ቁም" ብዬ እጮህበታለሁ። ከእንግዲህ በእኔ ቃል የሚቆም ግን አይመስለኝም።