የዙሁራ ሰኞና ሐሙስ

ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ዙሁራ አብሮ አደጋችን ናት። በልጅነታችን በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም፤ ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ሲቀላም ከእነ አቧራዋ የኛ ሜዳ ነበረች። ዛሬ ዙሁራ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ባንኮኒውን ትደገፋለች።

ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ሰፈሩም «የዙሁራን ኢማን ይስጠን» ይላል። አዛን ብሎ ተምሯን ከቀመሰች በኋላ የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ፣ ጣቃ ጨርቆቹ መካከል ቁጭ ብላ ሳምቡሳውን፣ ዳቦውን፣ ሙዙን ትበላለች። ከጠገበችም በኋላ ትበላለች፤ ሆዷ እያመማት እጇ አልቆም ይላታል። በማግስቱ ሰናመኪ አፍልታ ትጠጣለች፤ አንጀቷ እስኪታጠብ። ወገቧን በነጠላ ጠፍራ የሴቻን ዳገት በእግሯ የወጣችበት ዘመን ነበር፤ በባዶ ሆድ ሎሚ የጠጣችበትም። ክብደቱ ይሄድና ጓዙን ይዞ ይመለሳል። ደከማት።

ባለፈው ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል፣ የእህቷ ልጅ ሁስና የኒካሕ ቀሚሷን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ አልገባ አለኝ። ያንን ቅጠልሽን አፍይልኝ።»

«የምን ቅጠል?»

«አትደብቂኝ፣ ሰናመኪውን ነዋ! ጾሙንም ካንቺ ጋር እጀምራለሁ። እማዬ 'እንደ ዙሁራ ጠንክሪ' ብላኛለች።»

ዙሁራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባት። ቀሚሱን ተቀብላ ገለበጠችና ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ትርፍ ጨርቅ አለው፤ ልብስ ሰፊው ይለቅልሻል። ቀሚሱ ይስፋ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ጾሙስ?»

ዙሁራ ቀሚሱን አጠፈች። እውነቱን ከተናገረች እህቷ ትሰማለች፤ እህቷ ከሰማች ደግሞ ሰፈሩ ይሰማል።

አዛን አለ። ሌላ ቀን ቢሆን «በይ ይመሽብሻል» ብላ ትሸኛት ነበር።

«ጾም ለአላህ ነው» አለች፤ «የኔው ለወገቤ ነበር። ተቀመጪና እዪኝ።»

መጋረጃውን ገልጣ አስገባቻት። በላች። ሁስና መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ኋላ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ።

«አክስቴ፣ በቃሽ በሞቴ።»

«አይበቃኝም። እሱን ነው የምነግርሽ፣ ልጄ።»

ሁስና ከሳህኑ አንድ ሳምቡሳ አንሥታ አጠገቧ ተጠጋችና፣

«ልብስ ሰፊው ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አለች።