ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት

የእስር ክፍሏ ውስጥ እንደገባሁ ዓይኔ መስኮት ፈለገ፤ የለም። ከበሩ ሥር ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፣ ብርሃኑም ብርዱም በእሷ ነው የሚገባው። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልናገርም፣ ልጆቻቸው ገና ሀገር ቤት ናቸው። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ብርድ ልብሳቸውን ዘረጉልኝና "ና ተቀመጥ ልጄ፣ ቤቱ ጠባብ ነው እንጂ እንግዳ ይወዳል" አሉኝ። በዚያ ቀን መሳቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የተያዝኩት በፊርማ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች አቤቱታ ጻፉ፣ እኔም ፈረምኩ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ከወረቀት በቀር ምን አውቃለሁ? ስልኬን ሲከፍቱ ግን እኔና ባለቤቴ ሮም የተነሳነውን ፎቶ አገኙ። አቤቱታው እዚያው ተረሳ። ጥያቄው "ሮም ከማን ጋር ተገናኛችሁ?" ሆነ።

አክስቷ ጋብዘውን ሁለት ሳምንት ነበርን። ጊዜው ዘመድ ስንጠይቅ አለቀና ለራሳችን የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነው። መርማሪው ወረቀት ሰጠኝና ያንን ቀን ሰዓት በሰዓት ጻፍ አለኝ።

ጻፍኩ። ከአክስቷ ቤት፣ ሮማኒና ከሚባለው ሰፈር፣ በአውቶቡስ ወጣን፣ ከዚያ በሜትሮ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወረድን። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ሐበሻ ቤት ገብተን ፉል አዘዝኩ። "ሮም ድረስ መጥቼ ፉል?" ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ የእኔንም ጨረሰችው። ጣራው ላይ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ቤተ ክርስቲያን ገባን። "ሲዘንብ ምን ያደርጋሉ?" ብላ ጥበቃውን በአማርኛ ጠየቀችው፣ እሱም በጣሊያንኛ ብዙ አስረዳት። አይስክሬም በላን። አዲስ ጫማ አድርጋ ስለነበር እግሯን ላጣት፣ ግን አላማረረችም።

በስምንት ሰዓት የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ልናይ ሄድን። ሐውልቱ ወደ ሀገሩ መመለሱን እናውቃለን። ግን ልጆች ሳለን አስተማሪዎቻችን "ሮም ላይ አለ" እያሉ ነው ያሳደጉን፣ ቦታውን ሳያዩ መመለስ ነውር መሰለን። ደርሰን ብናይ መኪና ይተራመሳል። ባዶው ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳኋት።

መርማሪው አንብቦ ቀና አለ።

"የሌለ ሐውልት ልታዩ ሄዳችሁ?"

"አዎ።"

"ቀጣዩ ፎቶ የአሥር ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሌለውን አያችሁት?"

"እዚያው አጠገብ ሣር ላይ ተቀምጠን ነበር።"

"ሦስተኛው ማን ነበር?"

"ማንም።"

አላመነኝም። እኔም እሱን ብሆን አላምንም ነበር።

ክፍሌ ስመለስ ጋሼ ቀኑን አስተረኩኝ። ከፉሉ ጀምሮ ምንም እንድዘል አልፈቀዱም፣ አይስክሬሙ ምን ምን እንደሚል ሳይቀር ጠየቁኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ "ከዚያ ተቀመጥን" አልኩና ወደ ማታው አለፍኩ። አዩኝ።

"ተጣልታችኋል" አሉ። "ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ባልና ሚስት አላየሁም።"

ነገርኳቸው። ጫማዋን አውልቃ፣ ፊቷን ወደ ሣሩ አድርጋ "እንቅር" ነበር ያለችኝ። "አንመለስ። ፈርመሃል፣ ይይዙሃል።" እኔ ጅሉ "ምን አጠፋሁና? ሀገሬ አይደለም እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች፣ ተኮራረፍን። በኋላ ግን ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ አንቀላፋች። ትከሻዬ ደነዘዘ፣ እንዳትነቃ ብዬ አልተነቃነቅኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከምግብም ከፀሐይም በላይ የናፈቀኝ ያ ድንዛዜ ነው።

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይቺን እንዳትጽፋት። ሀገር ከድታ ልትቀር ነበር ብለው ልጅቷን ያመጡብሃል። ዝም አይነቅዝም።"

በማግስቱ መርማሪው ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ፈራሁት።

"አንተ የዋህ ነህ" አለኝ። "ከሰዎቹ ጋር ያገናኘችህ ሚስትህ ናት። ይህን ብቻ እመን፣ ከሰዓት በኋላ ቤትህ ነህ።"

"ከማንም ጋር አላገናኘችኝም።"

"እሺ፣ እንግዲያው የጻፍከው ላይ ፈርም። እዚህ።" ጣቱን ገጹ ግርጌ ላይ አሳረፈ።

ጽሑፌ ግን ያለቀው ገጹ መሃል ላይ ነው። ከዚያ በታች ባዶ ነው። መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባዶ ቦታ ትቶ የፈረመ ሰው በማግስቱ ያላለው ነገር ተጽፎ እንደሚያገኝ አውቃለሁ። የእሷን ስም ሊሞላበት ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ፣ ከመጨረሻው ቃሌ ሥር እስከ ግርጌው ድረስ ረጅም ሰያፍ መስመር አሰመርኩ፣ ከዚያ ፈረምኩ።

መታኝ። ጀግና አይደለሁም፣ ጮህኩ። ሌላ ወረቀት አመጣና ገልብጥ አለኝ። ገለበጥኩ፣ አሰመርኩ፣ ፈረምኩ። በሦስተኛው ወረቀት ላይ መስመሩ ተጣመመብኝ፣ ቢሆንም የሚጻፍበት ቦታ አልተረፈም። "ግትር!" ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ። አራት ወር ተጨመረብኝ። እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠሯትም።

ከወጣሁ በኋላ ተሰደድኩ። ዛሬ ሮም ነኝ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወጥቷል፣ እሷን የማስመጣበት ወረቀት ግን በሄድኩ ቁጥር "አስፔታ" ነው፣ ጠብቅ። እንቅር ባለችበት ከተማ እኔ ቀረሁ፣ እንመለስ ባልኩበት ሀገር እሷ ቀረች። ትናፍቀኛለች። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ባለፈው እሑድ እዚያው ሣር ላይ ሆኜ ደወልኩላትና የምርመራውን ወረቀት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት።

"እንቅር ማለቴንስ ምን ብለህ ጻፍከው?"

"አልጻፍኩትም። እዚያ ወረቀት ላይ አላልሽም።"

"ብያለሁ እንጂ! ለምኜህ ነበር እኮ።"

"ብለሻል" አልኳት። "ልክ ነበርሽ። መስማት ነበረብኝ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "በል እንግዲህ፣ እዚያው ቆየኝ።"