ድምፅ የጠፋበት አልበም

ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ፣ ጅግጅጋ ውስጥ እሠራበት ከነበረው ሬዲዮ ጣቢያ የሚወጣው ድምፅ ተቋረጠ።

የተቋረጠው ሙዚቃ ነው ይባላል። ሰባ ዓመት የተጠጉ አራት ፈረንጆች ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ያወጡት የሮክ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ነበር። ርዝመቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ኪቦርዱ ማንም ሳያሳድደው ይሮጣል። ከበሮው ከአይሱዙ ላይ ቆርቆሮ ሲራገፍ ይመስላል። ከዚያ ሁሉም ከኤረር እንደሚመጣ አሮጌ ፒካፕ፣ ምክንያቱ ሳይነገር ቀጥ ይላል። ዘፋኙ ስለ ጊዜ ይዘፍናል። የሰው ጊዜ መሆኑን የነገረው የለም።

የውጭ ሙዚቃ ሰዓት አዘጋጁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ይህን ቡድን ከተማሪነታቸው ጀምሮ ይከተሉታል። ከተማው ውስጥ ሌላ ተከታይ ፈልጌ አንድ የጥርስ ሐኪም አገኘሁ። እሱም ትቶታል። ኃላፊያችን በዚያ ሳምንት ቁርጡን ነግሯቸው ነበር፤ ቅዳሜ ሦስት አድማጭ ካልደወለ ሰዓቱ ለከብት ገበያ ዜና ይሰጣል። ሦስት ሰው ለማምጣት የመረጡት እንግዲህ ይህን ነው።

"ጋሼ፣ አጠር ያለ የለም?" አልኳቸው። የዕለቱ ተረኛ አርታኢ እኔ ነበርኩ።

"አንተ ዜና ነው የለመድከው። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል።"

ዘፈኑ መሐል ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ ይላል። ጋሼ "የአልበሙ ልብ" ይሉታል። ማሰራጫው ጋ ላለው ቴክኒሻን ግን አልነገሩትም። የእሱ መመሪያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ድምፅ ለሠላሳ ሴኮንድ ከጠፋ ተጠባባቂውን ቅጂ ልቀቅ። ለቀቀ። ተጠባባቂው የግመል ክትባት ማስታወቂያ ነበር።

ጋሼ ስልኩን አነሱ። "ምን አደረግህ አንተ?"

"አዴር፣" አለ፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቱ ነው። "መስመሩ የሞተ መስሎኝ።"

"ሙዚቃ እኮ ነው።"

"የቱ?"

ማስታወቂያው እንዳለቀ የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ። አንዱ ከቀብሪበያ፣ ሁለቱ ከከተማው። ሦስቱም የጠየቁት ክትባቱ የት እንደሚሰጥ ነው። ወደ ዘፈኑ ስንመለስ ኪቦርዱ አሁንም እየሮጠ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም።

ጋሼ የጥሪ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ሦስት ብለህ ጻፍ። ሦስት ደውለዋል፤ ውሸት የለበትም።"

"ስለ ምን የሚለው ዓምድስ?"

"እሱን ተወው። ማን ያነበዋል?"

በሥራ ዘመኔ ባለሥልጣንም ነጋዴም ዓምድ ባዶ እንድተው ጠይቀውኛል። ለኪቦርድ ሲባል የተጠየቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ሞላሁት፤ የግመል ክትባት፣ የግመል ክትባት፣ የግመል ክትባት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ የደገሀቡር የከብት ገበያ ዜና ተላለፈ። አንባቢው ጋሼ ነበሩ።