ቢጫ ቅል የደፋው አለቃ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አሰላ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ዛሬም መንገድ ስሄድ ሰው የጭቃ ግድግዳ ሲመርግ ካየሁ ቆሜ ሳላይ አላልፍም። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» እያለች ትጎትተኛለች። ምን እንደሚጀምረኝ ላጫውታችሁ።

ትውልዴ ጎጃም ነው። አሰላ የገባሁት በሥራ ምደባ ስለሆነ በአካባቢው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ባለቤቴ ታደሰ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር፤ መንገድ የሚደለድለውን ትልቁን ቢጫ መኪና ነው የሚነዳው። ካምፓቸው ከሮቤ ወዲያ ስለነበር ቤቱን የሚያየው በሁለት ወር፣ ሲብስም በሦስት ወር አንዴ ነው። ሲመጣ እኔና ልጃችን ቢኒያም መናኸሪያ ሄደን እንቀበለዋለን፤ ሲሄድም እዚያው መናኸሪያ እንሸኘዋለን።

ስለዚህ ቢኒያም «አባትህ የት ነው?» ሲባል «መናኸሪያ!» ብሎ ይመልሳል። ሰፈርተኛው ይህን ለመስማት ሲል ብቻ ይጠይቀዋል። በተለይ ጎረቤታችን ኦቦ ቡሴር ጋሪያቸውን ነድተው በበራችን ባለፉ ቁጥር ፈረሳቸውን ያቆሙና ይጠይቁታል። እሱ «መናኸሪያ!» ሲል እሳቸው ከት ብለው ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ታደሰ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ። ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ በፀሐይና በአቧራ ጠቁሮ ነበር። ቢኒያም ገና ሲያየው ጮኸ። ከረሜላውን እንኳ በእኔ እጅ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀንም «አባባ» ብሎት አያውቅም ነበር፤ ገና ልጅ ነው እያልን እንጽናናለን። በዚያን ቀን እራት ላይ ግን በጣቱ ወደ አባቱ እያመለከተ «ሰውየው ይሂድ!» አለ።

ታደሰ እንደ መሳቅ አለና ተወው። በማግስቱ፣ ፈቃዱ ገና ሳያልቅ፣ ልብሱን ሸክፎ ተነሳ። መናኸሪያ ስንለያይ «የሰው መንገድ ስደለድል ለገዛ ልጄ እንግዳ ሆንኩ» አለኝ። እኔ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም፤ ያቺ ቃል ግን እሾህ ሆና ቀረችብኝ።

ጥር ላይ ቢኒያም ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አሰብኩ አሰብኩና ልደቱን ላከብርለት ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ልደት ማክበር የሀብታም ወግ ነው የሚባልበት፣ ስኳሩም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚገኝበት ጊዜ ነው። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር። ልደቱ የመንገድ ሥራ ልደት ይሁን አልኩ። ልጁ አባቱን ከማወቁ በፊት የአባቱን ሥራ ይወቅ፣ ሥራውን ከወደደው ሰውየውንም ይወደዋል ብዬ ነው። ወደ ሮቤ ለሚሄድ ሾፌር «ታደሰን ቅዳሜ እንዳይቀር በልልኝ» ብዬ ላክሁበት።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ደረቅ ቅል ለሁለት አስከፍዬ፣ ግማሹን ቢጫ ቀለም ቀብቼ የመንገድ ሠራተኛ ቆብ አደረግሁት። በልጁ ራስ ልክ ነበር። የትምህርት ቤታችን አናጢ ሁለት ሕፃናት አፈር የሚሸከሙበት ትንሽዬ ባሬላ ሠራልኝ። የልደቱን ዳቦ ሊጥም ግሬደር አስመስዬ ዳቦ ቤት ላክሁት። ምድጃ ገብቶ ሲወጣ የተኛ በግ መስሎ ቁጭ!

የቀረኝ ልጆቹ የሚቆፍሩትና መንገድ የሚሠሩበት አፈር ነበር። ለኦቦ ቡሴር «ለቅዳሜ ግማሽ ጋሪ አፈር ያምጡልኝ፤ ልጥፍ እንዲል ትንሽ ጭድም ጣል ያድርጉበት» አልኳቸው። ረቡዕ ዕለት ሦስት ጋሪ አፈር አመላልሰው ግቢዬ ውስጥ ደፉት። ጭዱንም ነሰነሱና ውሃ ያርከፈክፉበት ጀመር።

«ኦቦ ቡሴር፣ ይሄ ሁሉ ለምኔ ነው?» ብላቸው፣

«ዛሬ ውሃ ካልጠጣ ቅዳሜ አይዝም፣ ቲቸር» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዋጋውን ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጭፈው ሄዱ።

ግራ ገባኝ፤ ግን ልጅ ወዳድ ስለሆኑ ነው ብዬ ተውኩት። ወደ ጎን ጎረቤቴ ወደ እትዬ አስካለም ሄጄ አካፋና ባልዲ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም በሐዘኔታ ዓይን አይተውኝ «ለቅዳሜ ነው አይደል የኔ ልጅ? አይዞሽ» አሉኝ። ልደት አይዞሽ የሚያስብል ነገር አለው እንዴ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩት። ኦቦ ቡሴር ከፊት፣ እትዬ አስካለ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው አሮጌ ልብሱን ለብሶ፣ አካፋና ዶማውን ተሸክሞ ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ቲቸር!» አሉ ኦቦ ቡሴር። «ከየት እንጀምር?»

«ምኑን?»

«ማድቤቱን ነዋ!»

ነገሩ ገባኝ። ክረምት ላይ የማድቤቴ ጭቃ በዝናብ ተንዶ ማገሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ማሳደሻ የለም ስለተባልኩ በረንዳ ላይ በከሰል እያበሰልኩ ነበር የምኖረው። አገሬው እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመው ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሠራለታል። እኔ ግን አገር አላውቅ፣ ማንን እጠራለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

«በቀዳሚት ሰንበት ጭቃ አይነካም ነበር» አሉ እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሸብ እያደረጉ። «ግን ልጅ ይዘሽ በረንዳ ላይ ከሰል ስታራግቢ እያየን ምን ሰንበት አለ? ደቦ ትጠራለች ብለን ከክረምት ጀምሮ ጠበቅንሽ። አሁን አፈርና ጭድ ስታስመጪ፣ አካፋ ስትለምኚ ጊዜ፣ አፍራ ነው እንጂ ልትጠራን ነው አልንና መጣን።»

ምን ልበል? ሰው ሥራውን ትቶ መጥቷል። ለእንግዳ ያዘጋጀሁት ከረሜላና በግ የመሰለ ግሬደር ብቻ ነው። «ኧረ እኔ ደቦ አልጠራሁም። የቢኒያም ልደት ነው። አፈሩ ለሕፃናት መጫወቻ ነበር» አልኩ። ቢጫውን ቅል ከቤት አውጥቼ አሳየኋቸው። ለምን እንዳሰብኩትም ነገርኳቸው። «ሰውየው ይሂድ» ያለውን ስናገር እንባዬ ቀደመኝ።

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ቡሴር ቅሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። በየቀኑ «አባትህ የት ነው?» እያሉ የሚያሾፉት እሳቸው ናቸውና ቀና ብለው ሊያዩኝ አፈሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቅሉን በቢኒያም ራስ ላይ ደፉት።

«ልደቱም ይከበር፣ ግድግዳውም ይቁም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃችን ይሄ ነው። አለቃ፣ ሥራ እንጀምር?»

አለቃ ምን እንደሆነ የማያውቀው ልጄ ኮስተር ብሎ «ጀምር!» አለ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ገሚሱ ጭቃ ይረግጣል፣ ገሚሱ ያቀብላል፣ ገሚሱ ይመርጋል። ሕፃናቱ በትንሿ ባሬላ ጭቃ እየተሸከሙ ግማሹን መንገድ ላይ ይደፉታል። ለደቦ የሚሆን ምግብ የለኝም ብዬ ስጨነቅ የኦቦ ቡሴር ባለቤት በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በትልቅ ሰሃን ይዛ ገባች። ቢኒያም ቅሉን ደፍቶ በመካከላቸው እየተንጎራደደ «ጨምር! ጨምር!» ይላል፤ ትልልቁ ሰውም «እሺ አለቃ!» እያለ ይታዘዘዋል።

እኩለ ቀን ላይ ታደሰ ደረሰ። ጢሙን ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ ላይ ሲደርስ ጭቃ በጭቃ የሆነውን ሕዝብ አይቶ ደነገጠ። ቢኒያምም አየው፤ ሮጦ ከኦቦ ቡሴር እግር ኋላ ተደበቀ።

ሥራው ቆመ። አሁን ሁሉም ታሪኩን ያውቃል፤ ሁሉም ልጁን ያያል። አሁን «ይሂድ» ካለ ታደሰ ዳግመኛ የማይመጣ መስሎ ተሰማኝ።

«አለቃ» አሉ ኦቦ ቡሴር ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው፣ «አዲስ ሠራተኛ መጥቷል። ይቀጠር?»

ቢኒያም የኦቦ ቡሴርን ሱሪ ይበልጥ ጨበጠ።

ታደሰ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ጠቀለለ። በዚያ በነጭ ሸሚዙ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከና አንድ ጣውላ አንስቶ በሁለት እጁ ከፊቱ ያዘው። ከዚያ «ድርርርርር» እያለ ጭቃውን እየገፋ ወደ ግድግዳው ይወስድ ጀመር። ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና «ድርርርርር» ይላል። ባለቤቴ ግሬደር ሆነ!

ከኦቦ ቡሴር እግር ጀርባ መጀመሪያ ቢጫው ቅል ወጣ፤ ከዚያም ዓይኖቹ ወጡ።

«ጨምር» አለ ቢኒያም ቀስ ብሎ።

«እሺ አለቃ» አለ ታደሰ ቀና ሳይል።

«ጨምር!»

«እሺ አለቃ!»

ልጁ አንድ እርምጃ ወጣ፤ ቆየና ሌላ ጨመረ። ጥቂት ቆይቶ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ከጣውላው አጠገብ ቆመ። ታደሰ ትንፋሹን ሊሰበስብ ሥራውን ሲያቆም፣ ቢኒያም በትንሽ እጁ የአባቱን ጀርባ ቸብ አድርጎ ጮኸ።

«አባባ! ጭቃ ጨምር!»

ታደሰ ጭቃ ባልነካው ክንዱ ዓይኑን ጠረገና ልጁን ጀርባው ላይ አውጥቶ መግፋቱን ቀጠለ። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ በኋላ ሲነግሩኝ አካፋ አቅፌ ሳለቅስ ነበር።

አመሻሹ ላይ ማድቤቱ ተመርጎ አለቀ። በጉ፣ ማለቴ ግሬደሩ፣ ተቆረሰ። እትዬ አስካለ «ላቱ ለማን ይድረስ?» ብለው አሾፉብኝ። ጎማውን ኦቦ ቡሴር በሉ። ቢኒያም አባቱ ጭን ላይ፣ ቅሉን እንደደፋ እንቅልፍ ወሰደው። ታደሰ ልጁ እንዳይነቃበት ብሎ እግሩ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም።

ከሳምንት በኋላ፣ ታደሰ ወደ ካምፑ ከተመለሰ ወዲህ፣ ኦቦ ቡሴር በበራችን ሲያልፉ ፈረሳቸውን አቆሙ።

«ቢኒያም፣ አባትህ የት ነው?»

«መንገድ እየሠራ ነው» አለ ልጄ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «የኔ ሠራተኛ ነው!»

ኦቦ ቡሴር አልሳቁም። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው አለቃ» ብለው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገውለት አለፉ።

ቢኒያም ዛሬ የልጆች አባት ነው። ታደሰም ጡረታ ወጥቷል፤ ልጁ ሲደውልለት አሁንም «አቤት አለቃ» ብሎ ነው የሚያነሳው። የማድቤቱ ግድግዳ ይኑር ይፍረስ አላውቅም። ዘመድ የለኝም ባልኩበት አገር ሳልጠራው የመጣልኝን ያንን ሁሉ ሰው ግን በየዕለቱ አመሰግናለሁ። ሌላው እናት ልጄ ዶክተር ሆነልኝ፣ ኢንጂነር ሆነልኝ ብላ ትኮራለች። እኔ ደግሞ ልጄ በሦስት ዓመቱ አባቱን ስለቀጠረልኝ እኮራለሁ።