የእናቴ ጉልበት ጠበቃ

እናቴን ባጃጅ የገጫት ቀን ከፓፓያዎቿ አንዱም አልጠፋም። ይህን የማስቀድመው፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያን ቀን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያስቀድመው እሱን ስለሆነ ነው። ከውጫሌ በሚኒባስ መጥታ ወረደች፤ ረዳቱ ጆንያዋን ከላይ አወረደላት፤ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ማሰሪያውን ስታጠብቅ ባጃጁ መጥቶ ከቦዩ ግንብ ጋር አጣበቃት። ጆንያው ተፈታ፣ ፓፓያው ቁልቁለቱን ተንከባለለ። ተሳፋሪውም ባለሱቁም ሊስትሮውም ተሯሩጠው ለቅመው መለሱላት። እናቴ ቦዩ ዳር ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሯ እግር ወደማይዞርበት ዞሮ፣ ፓፓያ ላመጣ ሁሉ "አላህ ይስጥህ" ስትል ነበር አሉ።

ባጃጁን የሚነዳው ከአርዲቦ በኩል የመጣ ወጣት ነው። አልሸሸም። በዚያው ባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሳት። መልካም አደረገ፤ ግን ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ባጃጁም እናቴም በቦታው ስላልነበሩ፣ ያገኘው ቦዩንና የሚከራከር ሰው ብቻ ነው። ግማሹ እሷ ዳር ቆማ ነበር ሲል፣ ግማሹ ምንም ሳያይ አየሁ ይላል።

ከጤና ጣቢያው ይልቅ ዘመድ ወጌሻን አመነ። ወጌሻው አሸት አደረገ፣ በቅቤ ለወሰ፣ በጨርቅ ጠቀለለ። እብጠቱ ጎደለ፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍም አለ። በኋላ ደሴ ያየው ሐኪም፣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ እግሩ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል አላት። እናቴ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ገበያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሸጥ ሞከረች፤ ፓፓያው መሬት፣ እሷ ከላይ ሆነች። "ቁልቁል አይቼው የሚገዛኝ የለም" ብላ ተመለሰች።

እሷን የከበዳት ግን ገበያው አልነበረም። ሶላቷን ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ጀምራ ነበር። አጎቴ ከልብስ ስፌት ቤቱ ያመጣላት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ሰግዳ ስትጨርስ ምንጣፉን ትክ ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት፣ "ግንባሬ መሬት ካልነካ የሰገድኩ አይመስለኝም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቷ ባሰብኩ ቁጥር ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ወደ ጠበቃው ከመሄዴ በፊት ስለ ሽማግሌዎቹ መናገር አለብኝ። የእናቴ እግር ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች ባጃጁን የነዳውን ልጅ ይዘው መጡ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በእኛ አገር የበደለ ሰው እንደዚያ ሆኖ ከመጣ በር አይዘጋበትም። ግን ይቅርታ፣ እኛ አውፍ የምንለው፣ እንዲሁ አይሰጥም። በዳዩ አስቀድሞ ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል። አያሳጥርም፣ አያሳምርም። ልጁ ድንጋዩን እንደተሸከመ እንዲህ አለ፦

"እሷ ዳር ቆማ ነበር። እኔ ዓይኔ ተሳፋሪ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የሄድኩባት።"

እናቴም "አውፍ ብዬሃለሁ፤ ለዱንያም ለአኺራም" አለችው። ለዚህኛውም ዓለም ለወዲያኛውም ማለቷ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት ሸኽ ዱአ አደረጉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ልጁ ድንጋዩን በሩ ጥግ አወረደው። ሲሄድ ሊወስደው ቢያነሳው፣ "ተወው፣ እግሬን አስደግፍበታለሁ" አለችው። እውነትም አስደገፈችበት።

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብለን ነበር። አጎቴ ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ ያላለቀ ነገር ያያል። ባጃጁ ኢንሹራንስ አለው፣ ጠበቃ ይያዝ፣ እግሩ ይታከም አለ። እናቴ ጆሮዋን ልትሰጠው አልፈለገችም።

"አውፍ ያልኩበት አፌ ሳይደርቅ ልክሰስ?" አለችው። "እግሬ ዱላ ሆኖ ይቅር።"

አጎቴ ከእሷ ጋር መከራከር ሲያቅተው እኔን ይዞ ወጣ። የወሰደኝ ድርሰቴ ክፍል ውስጥ ስለተነበበልኝ ነው። ጠበቃ ፈጥኖ ይናገራል፣ አንቺ ልቅም አድርገሽ ያዢልኝ አለ። ደስ ስላለኝ ሻርፔን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ።

የመጀመሪያው ጠበቃ የተጎዳው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የራሱን ድርሻ ነገረን። አጎቴ እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች ለካውና አመስግኖ ወጣ። ሁለተኛው ከፀጉር ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው፤ የአምባሰል ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ ሲያዳምጥ ብዕሩን አይነካም። አጎቴ አደጋውን ሁሉ ተረከለት። ጠበቃው ሽማግሌ ገብቶበት እንደሆነ ጠየቀ።

"አልገባም" አለ አጎቴ። ዕርቅ መኖሩ ከታወቀ ነገሩ ይበላሻል ብሎ መንገድ ላይ ወስኖ ነበር፤ ለእኔም አልነገረኝም።

ጠበቃው ሳቀ። "ሐይቅ ላይ ሰው ተገጭቶ ሽማግሌ ካልገባ፣ ወይ የዚህ አገር ሰዎች አይደላችሁም፣ ወይ እየዋሻችሁኝ ነው።"

አጎቴ የጃኬቱን ቁልፍ መቁጠር ጀመረ። እኔ ነገርኩት። ድንጋዩን፣ ዱአውን፣ እናቴ ያለችውን፣ ዱንያና አኺራውን ሳይቀር። በእናቴ ቃል የሚያዝንብን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ብዕሩን አነሳ።

"እሷ ያለችውን ሰማሁ። ከዚያ በፊት እሱ ምን አለ?"

የልጁን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ቀጥሎ የፈረመችው ነገር እንዳለ ጠየቀን፤ አልነበረም። እንግዲያው መንገድ አለው አለ። ልጁን ይቅር ማለቷ የሕክምናውን ካሣ ከባጃጁ ባለቤትና ከኢንሹራንሱ ከመጠየቅ አያግዳትም። ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አጣርቼ እመጣለሁ አለን። ሲመጣ ችግሩን ይዞት መጣ፦ የባጃጁ ባለቤት ለኢንሹራንሱ "ሴትዮዋ ዘላ መንገድ ገባች" ብሎ ነበር። ያ ከታመነ ጥፋቱ የእናቴ ይሆናል፤ ለጉልበቷም የሚከፍልላት የለም።

ጠበቃው ይህን የነገራት ቤታችን ተቀምጦ ነው። እናቴ ለእንግዳ የሚገባውን ሁሉ አደረገችለት፤ ውክልና ግን አልሰጥም አለች።

"እታለም" አላት፣ "አውፍ የጠየቀሽ ልጁ ነው። ኢንሹራንሱ ጠይቆሻል?"

እናቴ ፈገግ አለች። ኢንሹራንስ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ሳይታያት አልቀረም። ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰና የልጁ ስም ይነሳ እንደሆነ ጠየቀችው። ጠበቃው ሊያባብላት ይችል ነበር። "ይነሳል" አላት። ልጁ ከዋሸ ደግሞ የሚመሰክረው በእሷ ላይ እንደሚሆን ጨመረላት።

"እንግዲያው ዕርቁን እኔ ብቻዬን አልፈታውም" አለች። "ዱአ ያደረጉት ሰዎች ባሉበት፣ እሱም ባለበት ተናገር። እነሱ ይሁን ካሉ እፈርማለሁ።"

ከአጎቴ ጋር ተያየን። ጠበቃ እኮ ቀጠሮ የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይመስለንም ነበር። እሱ ግን ቀኑን ጠየቀ፤ በቀኑም ጫማውን አውልቆ ምንጣፋችን ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። አጎቴ ዓይኑን ከዚያ መንቀል አልቻለም።

ልጁ በሩ አጠገብ፣ ከድንጋዩ ጎን ተቀምጦ ነበር። ጠበቃው ሁሉንም በቀስታ አስረዳ። ሲጨርስ ሸኹ ወደ ልጁ ዞሩና፣ ባለቤቱ ምን በል እንዳለው ጠየቁት። ልጁ ድንጋዩን አየ። ባጃጁ የእሱ አይደለም፤ እውነቱን ካወጣ ቁልፉን እንደሚያስረክብ ሁላችንም ገብቶናል። ከውጭ የሰፈሩ ዶሮ ገብታ ምንጣፉን ረገጠች፣ የሚያባርራት አልተገኘም።

"ዘላ ገባች በል ብሎኛል" አለ በመጨረሻ።

ሸኹ አልተቆጡም። "አንተ ልጅ፣ አውፉ የተሰጠህ እዚህ በተናገርከው ላይ ነው" አሉት። "እዚያ ሌላ ከተናገርክ፣ እዚህ የተባለልህ አይኖርም። እኛም የሰማነውን ተጠይቀን አንደብቅም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዱአ ላይ የተነገረ ቃል ፍርድ ቤት መውሰድ ነውር እንዳይሆን ብለው አጉረመረሙ። ሌላው እውነት በየት ቢያልፍ አይነጅስም፣ አይረክስም አሉ። እየተነጋገሩ እያለ ልጁ አቋረጣቸው። ሽማግሌ ሲቋረጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ሽማግሌዎቹን ፍርድ ቤት አታመላልሷቸው" አለ። "እኔው እናገራለሁ።"

እናቴ አላመሰገነችውም። "አብሽር" ብቻ አለችው፣ አይዞህ ማለቷ ነው፤ ውክልናው ላይም ለመፈረም ተስማማች። ሸኹ ለጠበቃው ዱአ አደረጉለት። እሱም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ ማተቡ ከኮሌታው ወጥቶ ተንጠለጠለ። አጎቴ ማታ፣ በሁለት በኩል የተመረቀ ጠበቃ ይዘን ብንረታ ጥፋቱ የእኛ ነው ብሎ አሳቀን።

አልተረታንም። ክርክሩም ብዙ አልሄደም። ልጁ ለትራፊክ ፖሊሱም ለኢንሹራንሱም ያንኑ ቃል ሰጠ፣ ሳያሳጥር፣ ሳያሳምር። ከዚያ ኢንሹራንሱ ለመስማማት ፈለገ። ጠበቃው የተስማሙበትን እናቴ ፊት መስመር በመስመር አነበበላት፤ ያልገባት ቦታ ስትደርስ "ቆይ" ትለዋለች፣ እሱም ይቆማል። የባጃጁ ባለቤት እንደፈራነው ቁልፉን ከልጁ ተቀበለ።  እናቴ ይህን በሰማች ማግስት አጎቴን፣ እሱ ዘንድ ልብስ የሚያሰፉ ባለ ባጃጆችን ሁሉ ለልጁ ሥራ እንዲጠይቅለት ላከችው፤ ካልጠየቅህ ቤቴ አትምጣ ብላ።

ቀዶ ጥገናው ደሴ ተደረገ። ከብዙ ልምምድ በኋላ ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ፤ እንደ ግራው አይደለም፣ ግን ይታጠፋል። ከመጨረሻው ቀጠሮዋ ስንመለስ ሐይቅ መውረጃው ላይ የጠበቀን ያው ልጅ ነበር፣ በሌላ ሰው ባጃጅ። እናቴ እግሯን ራሷ አጥፋ ገባች። ቦዩ ጋ ስንደርስ ከኋላ ሆና ጠየቀችው፦

"ዓይንህ የት ነው?"

"መንገዱ ላይ ነው፣ እማ።"

ትንሽ ሄደን ደግማ ጠየቀችው። እስከ ቤታችን ድረስ በየመታጠፊያው ጠየቀችው፣ እሱም በየመታጠፊያው መለሰላት፤ ሁለቱም የሰለቻቸው አይመስሉም ነበር።

ቤት ስንደርስ ዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አልፏት ነበርና ተጣጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ምንጣፏን አነጠፈች። ወንበሩን እንደ ልማዴ ላቀርብላት ስል በእጇ አስቆመችኝ። አንድ እጇን በሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች ወረደች። ግንባሯ ምንጣፉ ላይ ብዙ ቆየ። ለመነሳት እንድረዳት የምትጠራኝ መስሎኝ ተጠግቼ ነበር፤ አልጠራችኝም።

ወንበሩን አጎቴ ወደ ስፌት ቤቱ ሊመልሰው ፈልጎ ነበር። እኔ አልሰጠሁትም። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።